ታላቅየዋና ታናሽየዋ

ባለቤቴ ስንት ልጅ አላችሁ ሲሉት «ሁለት ሴቶች» ይላል። ታላቅየዋ የስፌት ቤታችን ናት። ታናሽየዋ እውነተኛዋ ልጃችን፣ ድምቡሼ። በአራት ወር ይበላለጣሉ። ከሥራ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ «ታላቅየዋ እንዴት ዋለች? ታናሽየዋስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም በተራ እመልሳለሁ። አንዷ ክር ጨርሳለች፣ ሌላዋ ምሳዋን አልጨረሰችም። አንዷ መርፌ ሰብራለች፣ ሌላዋ ብርጭቆ።

ታላቅየዋ ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ ካውያ አላት። ታናሽየዋ አሥራ ስድስት ጥርስ አላት። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሲሞላት ግን አንድ ቃል እንኳ አልነበራትም።

ጆሮዋ ደህና ነው ተብለናል። ጓዳ ውስጥ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከሳሎን ሮጣ ትመጣለች። «ጫማሽን አምጪ» ሲሏት ታመጣለች። የምትፈልገውን በአገጯ ትጠቁማለች፣ ወይ ደግሞ ዝም ብላ እኔን ታየኛለች። እኔም ወዲያው ይገባኛል። ውሃ ይሁን እንቅልፍ፣ ካልሲዋ ጠቧት ይሁን ሰልችቷት፣ ሳልሳሳት አውቃለሁ። በዚህ ነገር ለረጅም ጊዜ ስኮራ ነበር።

እናቴ ነገሩን እንደ ቀላል ነው የምታየው። «በዘር ነው» አለችኝ በስልክ። «አንቺስ እስከ አምስት ዓመትሽ ቀሚሴ ስር አልነበርሽ? ዛሬም ሙሉ በሙሉ ወጥተሽ እንደሆነ እንጃ።»

የንግግር ባለሙያ ጋ የወሰዳት ባለቤቴ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀጠሮውን የያዘው እሱ ነው፣ እኔ ይዤያት ሄድኩ። ባለሙያዋ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ ምንጣፍ፣ አንድ አጭር ጠረጴዛና ሁለት ትንንሽ ወንበሮች አሉ። «እንደ ቤታችሁ ተጫወቱ» ብለውን ጥግ ይዘው ግማሽ ሰዓት ሲጽፉ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«እናቷ፣ ከገባችሁ ጀምሮ አሥራ ሰባት ጊዜ የሆነ ነገር አድርገውላታል። ኮዳውን ከፈቱላት፣ አፍንጫዋን ጠረጉላት፣ ኳሱን ከወንበር ስር አወጡላት። ስንቱን ጠየቀችዎት?»

አሰብኩ። «ፈልጋው ነበር» አልኩ።

«መፈለጓን አይደለም የጠየቅኩት።»

ኮዳውን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«መናገር አቅቷት ላይሆን ይችላል» አሉ። «ላይሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ ገና አላውቅም። ግን አሁን ባለው አያያዝ ለምን ትናገራለች? ምን ጎድሏት?»

ስድስት ሳምንት ሰጡን። ከስፌት ቤቱ ጩኸት ርቀን ቤት እንድንውል፣ ሁለታችን ብቻ። አንድ ነገር ስትፈልግ ፈጥኜ እንዳልሰጣት፤ ዓይን ዓይኗን እያየሁ በልቤ እስከ አሥር እንድቆጥር። የሆነ ድምፅ ካወጣች ወዲያው ልሰጣት፤ አሥሩ ሞልቶ ዝም ካለች የነገሩን ስም እኔ ተናግሬ ልሰጣት።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም ካላለች ግን ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው። ወደ ከባዱ ምርመራ እንሄዳለን፤ መዋያዋም ሌላ ዓይነት ይሆናል። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ማወቅ አለብን።»

«ሌላ ዓይነት» የሚለውን ቃል እስከ ቤት ድረስ ይዤው ሄድኩ። ድምቡሼ እጄን ይዛ ከጎኔ ትራመዳለች። መንገድ ላይ ጫማዋ ሲፈታ ቆመች እና አየችኝ፤ ጎንበስ ብዬ አሰርኩላት። ካሰርኩ በኋላ ነው ቁጥሩ ትዝ ያለኝ።

ስፌት ቤታችን ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። በሩ ሲከፈት የላስቲክ ሽታ ከሰው ቀድሞ ይገባል። እዚያ የምንሠራው ሦስት ሰዎች ነን። ቆራጩ ጋሼ ሜትር ናቸው፤ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ነው ስሙ የወጣላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሱፍ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ዓይናቸው መርፌ ቀዳዳ አላይ ሲል ወደ መቁረጥ የዞሩ ሰው ናቸው። ሰፊዋ ደግሞ ሬዲዮ ትባላለች። ከመኪናው ጩኸት በላይ ቀኑን ሙሉ ታወራለች፤ ጋሼ ሜትር «ባትሪሽ አያልቅም እንዴ?» ይሏታል። እኔ ስገባ ግን ትዘጋለች። ለምን እንደምትዘጋ ጠይቄያት አላውቅም።

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ዋና ሥራዬን ግን የምሠራው ማንም ሳይኖር ነበር። ጠዋት ከሌሎቹ አንድ ሰዓት ቀድሜ እገባለሁ። ድምቡሼን ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላ ቅርጫት አጠገብ አስቀምጬ የትናንቱን ሥራ አንድ በአንድ አያለሁ። የሬዲዮ ኮሌታ ከተጣመመ ተርትሬ እንደገና እሰፋዋለሁ። ቁልፍ ከላላ አጠብቃለሁ። ከዚያ ለጋሼ ሜትር ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ደራርቤ ዘርግቼ፣ የእጅጌውን ቅርጽ የያዘውን ካርቶን አንዴ በፊቱ አንዴ በጀርባው እያገላበጥኩ በጠመኔ አሰምራለሁ። አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ፤ አንድ ግራ፣ አንድ ቀኝ። እሳቸው ሲመጡ የሚቀራቸው መስመሩን ተከትለው መቁረጥ ነው። ልብስ ሰፊ ሳሉ ጨርቁን ለሁለት አጥፈው ነበር የሚቆርጡት፤ ጨርቅ ታጥፎ ሲቆረጥ ግራውም ቀኙም በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ማሰብ አያስፈልግም። ብዙ ጨርቅ ሳይታጠፍ ደራርቦ መቁረጥን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑ መገልበጥ እንዳለበት ግን አልነገርኳቸውም። መንገር እሳቸውን ማስተማር መስሎ ታየኝ፤ እሳቸውን ላስተምር እኔ ማን ነኝ? ስለዚህ ራሴ ገለበጥኩት።

ሰው ማረም እፈራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተጨማሪ የመልስ ወረቀት መጠየቅ አፍሬ የመጨረሻውን ጥያቄ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል ዙሪያውን የጻፍኩ ሰው ነኝ። መምህሩ ወረቀቱን እያዞሩ እንዳረሙት ነግረውኛል።

ቤት ልውል ነው ብዬ ስነግራቸው አንድ ትልቅ ሥራ ገና ተቀብለን ነበር። ለአንድ የሕፃናት ማቆያ ሞግዚቶች መቶ ሃያ ሰማያዊ ጋዋን፣ ባለ ረጅም እጅጌ። እንዲህ ያለ ሥራ አግኝተን አናውቅም። ጨርቁ ፊቱ የሚያብረቀርቅ፣ ጀርባው ፈዛዛ ነው። ጋሼ ሜትር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት እና «አትጨነቂ ልጄ፣ የልጅሽን ነገር ያዢ» አሉኝ። ሬዲዮ ከመኪናዋ ቀና አላለችም። ካርቶኖቹን ሚስማር ላይ ሰቅዬላቸው ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ድምቡሼ መደርደሪያው ላይ ያለውን ኩባያ በአገጯ ጠቆመችና አየችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አላየሁም መስሏት ይሆናል፣ ቀሚሴን ጎተተች። አራት፣ አምስት። ፊቷ ላይ አይቼው የማላውቀው ነገር መጣ፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የደነገጠች ነው የመሰለችው። ስምንት ላይ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አለቀሰች። «ውሃ» አልኩና ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ማልቀሱን ትታ ወንበር እየጎተተች ራሷ ማውረድ ጀመረች። እናቴ ይህን ስትሰማ ጮኸችብኝ። «ልጅቷን በውሃ ጥም ልትገያት ነው? የምን ቁጥር ነው? ልጅ በሒሳብ ያደገው የት አገር ነው?»

«ባለሙያዋ ናቸው ያሉኝ፣ እማዬ።»

«እሳቸው ወልደዋል?»

አላውቅም ነበር። መጠየቅም የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም።

እንዲህ እያልኩ ከልጄ ጋር ስቆጥር በየቀኑ ከሰዓት አንዴ ወደ ስፌት ቤቱ እደውል ነበር። ጋሼ ሜትር «ሁሉ ሰላም ነው» ይላሉ። እጅጌው ተቆርጧል? ተቆርጧል። ሬዲዮ እየሰፋች ነው? እየሰፋች ነው። ደስ ይለኛል ማለት አልችልም፤ ያለ እኔ ሁሉ ነገር ሰላም መሆኑ ትንሽ ያስከፋኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ግን ስልኩን ያነሳችው ሬዲዮ ናት። «እንዴት ናችሁ?» አልኳት። «ደህና» አለችና ዝም አለች። ከኋላዋ የመኪና ድምፅ አልነበረም። ለድምቡሼ ጫማዋን አድርጌላት ይዣት ወጣሁ። መቁጠሩን ያን ቀን ተውኩት።

በሩን ስከፍት ሁለቱም ተቀምጠዋል። መኪኖቹ ቆመዋል። ግድግዳው ላይ ባለው ረጅም ብረት ላይ ሰማያዊ ጋዋኖች ተሰቅለዋል፤ ከስልሳ ይበልጣሉ። ኮሌታቸው ያምራል። ኪሳቸው ቀጥ ብሏል። ሁሉም ግን አንድ እጅ ብቻ ነው ያላቸው። ግራ እጅ።

ጠረጴዛው ላይ የቀሩት እጅጌዎች ተቆልለዋል። አንዱን አነሳሁ፣ ሁለተኛውን አነሳሁ፣ ከመካከል ሳብኩ። ሁሉም ግራ ነበር። ሁለት መቶ አርባ ግራ እጅጌ። ገልብጦ እንዳይሰፋ ጀርባው ፈዛዛ ነው። ጣቃው አልቋል፤ ያ ቀለም ደግሞ ገበያ ላይ እንደሌለ ስገዛው ነግረውኛል።

እጄ ራሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። መተርተሪያውን አንስቼ የመጀመሪያውን ጋዋን ከማንጠልጠያው አወረድኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ግን እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ ነገ ማለዳ፣ ከነገ ወዲያም፣ እንደ ምንም ብዬ… ቀና ስል ሬዲዮ እያየችኝ ነው። የልጄ ዓይነት አስተያየት ነበር። ምንም ሳትል፣ አደርገዋለሁ ብላ እየጠበቀች።

መተርተሪያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ «ምንድነው የሆነው?» አልኩ።

ማንም አልመለሰም። አንድ፣ ሁለት። ጎማ ጠጋኙ ውጭ የሆነ ብረት ይቀጠቅጣል። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ሥቃይ የለም፤ ሰዎች ዝም ሲሉ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ቶሎ ልገላግላቸው እፈልጋለሁ። ስድስት። ሰባት።

«ጠመኔው አልነበረም» አለች ሬዲዮ።

«የምን ጠመኔ?» አሉ ጋሼ ሜትር።

«ጠዋት ጠዋት የሚሰመረው ነዋ! ግራና ቀኙን እሷ አይደለች እንዴ ቀድማ እየገባች የምታሰምረው?»

ጋሼ ሜትር ወደ እኔ ዞሩ። «ለግራና ቀኙ ነው እንዴ? እኔ እኮ ጨርቅ እንዳይባክን የምታሰምሪው ነው ያልኩት። የተማረ ሰው ሒሳብ ብዬ።» ቆሙ። «ካርቶኑ ይገለበጣል ማለት ነው?»

«ይገለበጣል ጋሼ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉት፤ ሲያወርዱት አይቼ አላውቅም። «አርባ ዓመት የሰው ልብስ ቆርጫለሁ» አሉ። «እጅጌ ግራና ቀኝ እንዳለው ይጠፋኛል? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ‹ጋሼ፣ ይሄ እንዲህ ነው› ብትዪኝ ምን ትሆኚ ነበር? እኔ የምሠራ መስሎኝ ስኖር፣ ለካ እጄን ይዘሽ ነው የምታስጽፊኝ።»

«እንዳላስቀይምዎት ብዬ ነው።»

«አስቀየምሽኝ እኮ።»

ድምቡሼ ጠረጴዛው ስር ገብታ የወዳደቀ ክር ትለቅማለች።

ወደ ሬዲዮ ዞርኩ። «አንቺስ መቼ ነው ያየሽው?»

«ሦስተኛው ጋዋን ላይ።»

«ሦስተኛው? ታዲያ ስልሳ ምናምን…»

«ግራ ግራውን ልጨርስ፣ ቀኙን እሷ ታመጣዋለች ብዬ ነዋ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ባለሁበት ሬዲዮዋ ተከፈተ። «ሁሌ እንደዚያ አይደለም እንዴ? ማታ አጣምሜ የተውኩትን ጠዋት ቀጥ ብሎ አገኘዋለሁ። የራሴን ስፌት የማላውቅ መሰለሽ? የኔ ክር ወፈር ይላል፣ ያንቺ ይቀጥናል። መጀመሪያ ጊዜ ሳይ ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። ‹ልትነግረኝ እንኳ አልፈለገችም፣ ንቃኛለች› ብዬ። በኋላ ለመድኩት። ከተናቅኩ አይቀር ብዬ ለኮሌታ መጨነቅ ተውኩ። እውነቴን ነው።»

«ንቄሽ አይደለም። ፈርቼሽ ነው።»

«እኔን?» አለች። ጋሼ ሜትርን አየቻቸው። «እኔን ትፈራለች ይላሉ?»

«ምላስሽን ማን የማይፈራ አለ» አሉ ጋሼ ሜትር፤ ግን አልሳቁም።

«ምን እናድርግ?» አልኩ። እንደገና መቁጠር ጀመርኩ፣ አሥሩም ሞላ፣ ሃያ ደረስኩ፤ ምላሴን ነከስኩ። አንድ ነገር በልቤ ነበረኝ፣ ጥሩ ሐሳብ አልነበረም።

ሬዲዮ ተነስታ የአንዱን እጅጌ ጫፍ ዘረጋች። «አጭር እጅጌ ቢሆንስ? የተሰፉት ግራዎቹ እዚያው እንዳሉ ያጥራሉ። የቀሩት ደግሞ ረጅም ናቸው፤ ከታች ወረድ ብሎ አዲስ ትከሻ ቢቆረጥላቸው ቀኝ አይወጣም?»

ጋሼ ሜትር ካርቶኑን ከሚስማሩ አወረዱ፣ ገለበጡት፣ እጅጌው ላይ ወደ ታች ገፉት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ መልሰው አወረዱ። «ይወጣል» አሉ። «በጣት ስፋት ይተርፋል። አንቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ስታወሪ ይሄን የት ደብቀሽው ነው?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የቀረው ለማቆያው ኃላፊ መደወል ነበር። ስልክ ከማውራት ሁለት መቶ አርባ እጅጌ መተርተር እመርጣለሁ። ለጋሼ ሜትር ስልኩን ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ኋላቸው አደረጉ። «ደውዪ» አሉኝ። ደወልኩ። ጥፋቱን ሳልደባብቅ ተናገርኩ፤ የእነሱ ነው አላልኩም፣ የኔ ነው ብዬም አላለቀስኩም፣ እጅጌዎቹ ሁሉ ግራ ሆነዋል ብቻ አልኩ። ሴትዮዋ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው ስልሳውን በአጭር እጅጌ ለኩሽናና ለእጥበት ሠራተኞች እንደሚወስዱ፣ ለቀረው ግን ሌላ ሰፊ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «ቅር አይበልሽ እህቴ» አሉ። ቅር ብሎኛል። ስልሳ ጋዋን እጃችን ላይ ይቀራል፤ ሁለተኛ ሥራ እንደማይሰጡን ከድምፃቸው ገብቶኛል። ለሌላ ሰው ብናገኝለት እንኳ በዚያ ወር ሁላችንም ጎድሎብን ነው የምንወጣው። እንደዚያው አድርጌ ለሁለቱም ነገርኳቸው።

ስወጣ ጋሼ ሜትር እስከ በሩ ተከተሉኝ። «ልጄ» አሉ፣ ቀጥሎ ያለውን ለመናገር የከበዳቸው ይመስላል። «ስትመለሺ ቀድመሽ አትግቢ። ሰው ከገባ በኋላ ነይ። ጠመኔውን እኔ እይዘዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። የገዛ ስፌት ቤቴ ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም።

ለባለቤቴ ሁሉንም ስነግረው ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «ታላቅየዋ አፍ ፈታች በይኛ!» አለ። አልሳቅኩም። ታላቅየዋ አፍ የፈታችው እኔን ለመክሰስ ነበር፤ ታናሽየዋ ደግሞ ያን ቀን ሙሉ ያ ሁሉ ሲወራ ጠረጴዛ ስር ተቀምጣ አንድ ድምፅ አላወጣችም። ሳቄን ሲጠብቅ ቆይቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እሺ፣ አልቀልድም» አለ።

አራተኛው ሳምንት አለፈ። አምስተኛውም። ስፌት ቤቱ ጋ አልደወልኩም፤ እነሱ ሁለት ጊዜ ደወሉልኝ፣ አንዴ ስለ ክር፣ አንዴ ሬዲዮ «ዛሬ ኮሌታው ተጣሞብኝ ራሴ ተረተርኩት፣ እንድታውቂ ነው» ልትለኝ። ቤት ውስጥ ግን ዝምታው ያው ነበር። ድምቡሼ ሁሉን ነገር በራሷ ማድረግ ተማረች። ካልቻለች ትተወዋለች። ኮዳ መክፈት ካቃታት ኮዳውን አስቀምጣ ትሄዳለች። ይህ ከልቅሶው በላይ አስፈራኝ። መፈለግን ራሱን ላስተዋት እችላለሁ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። አንድ ሁለት ቀን፣ ማንም ሳያይ፣ ቁጥሩን ሦስት ላይ አቁሜ ሰጥቻታለሁ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ባለሙያዋ ጋ ሄድን። ድምቡሼ ወዲያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ባለሙያዋ ምንም ሳይሉ ከመደርደሪያው አንድ ክዳኑ ጠበቅ ያለ፣ በውስጡ ያለው የሚታይ ሣጥን አውርደው ፊቷ አስቀመጡላት። ውስጡ ትንንሽ እንስሳት ነበሩ። ወደ እኔ ዞረው «እጅዎን» አሉኝ። እጄን ጭኔ ስር አደረግኩ።

ሣጥኑን ነቀነቀችው። በጥርሷ ሞከረችው። አንስታ ወደ እኔ አመጣችውና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ አየችኝ። ፈረሱን ነበር የምትፈልገው። ነጩን። እንደማውቅ ታውቃለች። አሥር ቆጠርኩ። ሃያ ቆጠርኩ። ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ ዓይኔ ሲሞላ እንዳታይ ፊቴን ላዞር ፈለግኩ፣ አላዞርኩም። በመጨረሻ ሣጥኑን ከጉልበቴ ላይ አነሳችው። ትታው ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ።

አልሄደችም። ምንጣፉን አቋርጣ ባለሙያዋ ፊት ቆመች። ሴትዮዋ ሌላ ነገር እያዩ ነበር፣ ወረቀታቸውን፤ ቀና አላሉም። ልጄ ትንሽ ጠበቀች። እሳቸው እሷን እንደማያውቋት የገባት ይመስለኛል። ሣጥኑን ወደ ላይ ዘረጋች እና፣ «ፈች» አለች።

ጎርናና ድምፅ ነው ያላት። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ድምፅዋ ጎርናና መሆኑን ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«ክፈቺ?» አሉ ባለሙያዋ። «እሺ።» ከፈቱላት። አላጨበጨቡም፣ አላቀፏትም። ነጩን ፈረስ አንስታ ሄደች።

ደስታዬ እውነተኛ ነበር። ከደስታው ስር ግን ሌላ ነገርም ነበር፤ ባለሙያዋ ፊቴ ላይ አዩት።

«ለእርስዎ ባለማለቷ ነው?»

«አይ…» አልኩ። ከዚያ «አዎ» አልኩ።

«ለእርስዎ መናገር ገና አላስፈለጋትም። እርስዎ የሚያውቁ ሰው ነዎት።» ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። «አንድ ቃል ነው፤ እንዳይሳሳቱ። በዚህ ዕድሜ አንድ ቃል ትንሽ ነው። ምርመራውን አላስቀረሁትም፣ አንድ ወር ገፋሁት እንጂ። አሁን ሌላ ነገር ልለምንዎት ነው።»

«ምን?»

«ውጭ ይጠብቁን። ግማሽ ሰዓት። እርስዎ ካሉ ዓይኗ እርስዎ ላይ ነው፤ ከሌሉ ግን እኔ ከዓይኗ የሚገባኝ ነገር ስለሌለ መናገር ይኖርባታል።»

ቦርሳዬን ያዝኩ። ድምቡሼ ከፈረሱ ላይ ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትነሳ ነው ብዬ ነበር፣ አልተነሳችም። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የውሃ ማጣሪያ። አንድ ሰውዬ ልጁን አቅፎ ተቀምጧል፤ ጠጋ አለልኝ። በበሩ ውስጥ የሣጥን ክዳን ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ፣ ቃሉ የማይለይ፣ አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ ከፍ ብሎ፣ እንደ መናደድ። ሳላውቀው ተነስቼ በሩ ጋ ደርሼ ነበር። እጄ እጀታው ላይ ነው።

«ያንቺ ናት?» አለኝ ሰውዬው።

«አዎ።»

«ምን አለች?»

«እንጃ» አልኩት። «አልሰማኋትም።» ተመልሼ ተቀመጥኩ።